የኬሚስትሪ ክፍል አሮጌ ሰነዶች፦ ምን ይቅደም? ምን ይጣል? (አዳማ)

መደርደሪያ_4፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ቦታው አዳማ ነው። የአንድ ትምህርት ተቋም የኬሚስትሪ ክፍል አሮጌ መጋዘን በሁለት ወር ውስጥ ለሌላ ሥራ ይለቀቃል፤ በውስጡ ያለው ወረቀት ሁሉ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ይዛወራል። ክፍሉ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ ኮርኒስ የለውም፣ በሚያዝያ ከቀትር በኋላ ቴርሞሜትሩ 34 ዲግሪ ያሳያል። አቧራውን የአዳማን ነፋስ የሚያውቅ ሁሉ ይገምተዋል።

በአራት የብረት ካቢኔቶች ውስጥ ያለው ይህን ይመስላል፦ 60 ገደማ የላብራቶሪ ደብተሮች፣ በካርቦን የተገለበጡ የመመረቂያ ጽሑፎች፣ የተጠረዙ መጽሔቶች፣ የኬሚካል አቅራቢዎች ካታሎግ፣ የመሣሪያ ማንዋሎች፣ የቻርት ሪከርደር ጥቅሎች (የመሣሪያ ንባብ በብዕር የተሳለባቸው ረጃጅም ወረቀቶች)፣ እንደ ካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ ባለ ወረቀት የታተሙ የመሣሪያ ውጤቶች፣ በሐምራዊ ቀለም የተባዙ የፈተና ወረቀቶች፣ ጥቂት ፍሎፒ ዲስኮች፣ እንዲሁም ጀርባው ላይ ጨርቅ የተለጠፈ ትልቅ የግድግዳ ፔሪዮዲክ ቴብል። በአራተኛው ካቢኔት ውስጥ ደግሞ ከወረቀቱ ጋር ተቀላቅለው የቆዩ የኬሚካል ጠርሙሶች አሉ።

ያለው አቅም አንድ ስካነር፣ አንድ 2 ቴራባይት ዲስክና በቀን ግማሽ ጊዜውን የሚሰጥ አንድ ሰው ነው። አሳቡ ከደብተር ቁጥር 1 ጀምሮ እየሰበሰቡ ስካን ማድረግ፣ የተቀደደውን በፕላስተር መለጠፍ፣ የሚበጣጠሰውን ላሚኔት ማድረግ፣ ከዚያ የማያስፈልገውን ማስወገድ ነበር። ያስኬዳል?

---

ቤተ_መዛግብት፦

በመጀመሪያ ስካነሩን ከካርቶኑ አታውጡት። ፕላስተሩንና ላሚኔተሩንም ይርሷቸው፤ ምክንያቱን ኬሚስቶቹ ይመጡበታል።

የአንድ የላብራቶሪ ደብተር ዋጋ ግማሹ ከጎኑ ምን እንደነበር በማወቅ ላይ ነው። ደብተሩ ውስጥ «ከናሙና 14 የተወሰደ» ይላል፤ ናሙና 14 ምን እንደሆነ የሚናገረው ከጎኑ የነበረው ፋይል ነው። ሁሉም በአንድ ክምር ከተቀላቀለ በኋላ ስካን ቢደረግ 12,000 ጥርት ያሉ ምስሎች ይኖሩዎታል፣ ምን እንደሆኑ የሚያውቅ ግን አይኖርም።

ስለዚህ ምንም ነገር ከመነካቱ በፊት እያንዳንዱ መደርደሪያ ከፊት ለፊት በስልክ ፎቶ ይነሣ። ከዚያ ከግራ ወደ ቀኝ ቁጥር ይሰጥ፦ ካቢኔት፣ መደርደሪያ፣ ተራ። ካቢኔት 2፣ መደርደሪያ 1፣ ሰባተኛው ደብተር 2.1.07 ይሆናል። ቁጥሩ በ2ቢ እርሳስ በኋላ ሽፋኑ ውስጥ፣ ታች ጥግ ላይ ይጻፍ፤ እስክሪብቶና ማርከር ወደ ውስጥ ይሰርጋሉ፣ በማጣበቂያ የሚለጠፍ ምልክትም በዚህ ሙቀት ሙጫው ይፈስና ደብተር ከደብተር ያጣብቃል።

ዝርዝሩ በኤክሴል ቢሆን ይበቃል። አንድ መስመር ምን እንደሚመስል ላሳይ፦

2.1.07 / የላብራቶሪ ደብተር / 192 ገጽ፣ የተጻፈበት እስከ 131 / ሰማያዊ እስክሪብቶና እርሳስ / በገጽ 41 የተለጠፉ 3 የቲኤልሲ ሳህኖች (ውሕዶችን ለመለየት የሚያገለግሉ በሲሊካ የተቀቡ ትንንሽ ሳህኖች)፤ በገጽ 60 እና 61 መካከል 1 የግዢ ደረሰኝ / ጀርባው ለቅቋል፣ ሻጋታ የለም / ቀን እንደተጻፈው፦ … / ቀን ሲተረጎም፦ …

የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓምዶች ለይቼ ያስቀመጥኳቸው ሆን ብዬ ነው። በአገራችን ደብተር ላይ የኛ ዘመን አቆጣጠርና የፈረንጁ በአንድ ገጽ ላይ ይገናኛሉ። እንደተጻፈው ይገለበጥ፣ ትርጉሙ ለብቻው ይቀመጥ። ሰዓቱም እንደዚያው።

በደብተሩ መካከል የተገኘ ደረሰኝ ወይም ቁራጭ ወረቀት «ቆሻሻ» አይደለም። ማውጣት ካስፈለገ በቦታው ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ይግባ። የዛገ አግራፍ ግን መውጣት አለበት፤ ዝገቱ ወረቀቱን ይበላዋል። በመንቀያ መንጋጋ አይጎተት፤ ከሥሩ ቀጭን ካርድ አስገብቶ እግሮቹን በደነዘ ቢላዋ ማቃናት፣ ከዚያ በጀርባ በኩል ማውጣት ነው።

ስለ ማስወገድ። ደብተር፣ የክፍሉ ደብዳቤ፣ የመሣሪያ ግዢ ፋይል፣ የፈተና ወረቀት በሌላ ቦታ ሁለተኛ ቅጂ የላቸውም፤ አይጣሉም። የተጠረዙ መጽሔቶች ሌላ ጉዳይ ናቸው። ለምሳሌ ኬሚካል አብስትራክትስ ከ1907 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የወጣ፣ የወረቀት ሕትመቱም ከ2010 እ.ኤ.አ. መግቢያ ጀምሮ የቆመ ግዙፍ ሥራ ነው፤ ጥራዞቹ ሙሉ ክፍል ይበላሉ። ሌላ የአገር ውስጥ ቤተ መጻሕፍት ሙሉውን መያዙ ከተረጋገጠ እዚህ ያለው የተቆራረጠ ስብስብ የግድ መቀመጥ የለበትም። በተቃራኒው ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚጥለው የአቅራቢ ካታሎግ በእኔ ግምት ከመጽሔቱ ይበልጣል፦ በዚያ ዓመት ምን ዓይነት ንጥረ ነገር፣ በምን ንጽሕና፣ በስንት ዋጋ ይገኝ እንደነበር ሌላ ቦታ አይጻፍም። በኅዳጉ ላይ በእርሳስ የተሰመረበት ከሆነ ደግሞ ክፍሉ ምን ለማዘዝ እንዳሰበ ይነግረናል። የኢትዮጵያ ኬሚካል ማኅበር ቡለቲን ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው የሚወጣው፤ የመጀመሪያ ቁጥሮቹ ከተገኙ ይቀመጡ።

የመንግሥት ተቋም ሰነድ ከሆነ ከማስወገድ በፊት አዋጅ ቁጥር 179/1991ን አንብባችሁ ከወመዘክር (ከብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) ጋር በጽሑፍ ተነጋገሩ። የተወገደው ነገር ዝርዝርም ራሱ ይቀመጣል።

---

ፒኤች_ሰባት፦

በላይኛው አስተያየት እስማማለሁ፣ ግን ከቁጥርም በፊት አራተኛው ካቢኔት ይቅደም። ወረቀቱ ከሰው ሕይወት አይበልጥም።

ጠርሙሶቹን ከመንካት በፊት በዓይን ብቻ ይታዩ። ሦስት ነገር ይፈለግ። አንደኛ፣ ፒክሪክ አሲድ። በውኃ ርሶ ነው የሚቀመጠው፤ ለዓመታት ሲቆይ ይደርቃል፣ ሲደርቅ በግጭትና በፍትጊያ የሚፈነዳ ነገር ነው። በክዳኑ ዙሪያ ቢጫ ክሪስታል ከታየ ወይም ክዳኑ ብረት ከሆነ ጠርሙሱን ማንሣትም ክዳኑን መሞከርም የለም፤ በሩ ይዘጋ፣ የተቋሙ የደኅንነት ኃላፊ ይጠራ። ሁለተኛ፣ ኤተርና ቴትራሃይድሮፉራን። ከአየር ጋር ፐርኦክሳይድ ይፈጥራሉ፤ ከታች ነጭ ክሪስታል ወይም ዝልግልግ ዝቃጭ ካለ እንደ ፒክሪኩ ይታይ። ሦስተኛ፣ ምልክት የሌለው ማንኛውም ጠርሙስ። ለመለየት ተብሎ ክዳን ከፍቶ ማሽተት የለም።

በዚህ ካቢኔት ያሉ ወረቀቶች ላይ ነጭ ዱቄት ካዩ ወዲያው ሻጋታ ነው አትበሉ። ሃይድሮክሎሪክ አሲድና አሞኒያ በአንድ ካቢኔት ከቆዩ ትነታቸው ተገናኝቶ አሞኒየም ክሎራይድ ይሆንና በሁሉ ነገር ላይ ይነጥፋል። በማጉያ ሲታይ ሻጋታ ጸጉራም ነው፣ ይህኛው ደቃቅ ክሪስታል ነው፤ በብሩሽ ላይ ወስዶ በአንድ ጠብታ ውኃ ቢነካ ይሟሟል። ለሁሉም ናይትራይል ጓንትና ኤን-95 ጭንብል ይደረግ። የላብ ደብተር ገጽ ላይ ያለ ነጠብጣብ ምን እንደሆነ አይታወቅም፤ ምራቅ ነክቶ ገጽ መግለጥ በዚህ ሥራ ላይ ነውር ብቻ ሳይሆን አደጋ ነው።

ቀጥሎ ስካን የሚደረገው ደብተር ቁጥር 1 አይደለም፣ የደረሰኝ ወረቀት የመሰለው ውጤት ነው። የሒሳብ ሠራተኞች የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝን ፎቶ ኮፒ አድርገው የሚያያይዙት ለምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ተርማል ወረቀት በራሱ ቀለም አልባ የሆነ ማቅለሚያና እሱን የሚያጠቁር አሲዳማ ንጥረ ነገር በላዩ የተቀባ ነው፤ ሙቀት ሲነካቸው ሁለቱ ቀልጠው ይዋሃዳሉ። ውሕደቱ ይቀለበሳል፦ ብርሃን፣ አልኮል፣ ከለስላሳ ፒቪሲ ፕላስቲክ የሚወጣ ማለስለሻ፣ ሙጫ ሁሉም ያደበዝዙታል። ስለዚህ ክሊር ባግ ውስጥ ማስገባት ማዳን ሳይሆን ማጥፋት ነው። ላሚኔት ቢደረግ ደግሞ በማሽኑ ሙቀት ሙሉ ገጹ ይጠቁራል፤ አንድ ሰከንድ ይበቃል፣ መመለሻ የለውም። በቀለም ስካን፣ 400 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 400 ነጥብ)፣ ከዚያ በተራ ወረቀት ፖስታ ውስጥ ጨለማ ቦታ።

ሐምራዊዎቹ የፈተና ወረቀቶች በስፒሪት የተባዙ ናቸው። ማቅለሚያው በአልኮል ይሟሟል፣ በብርሃን ይጠፋል። በአልኮል «ጠረግ ጠረግ» የሚል ሰው አጠገባቸው አይድረስ። በስቴንስል የተባዛው ጥቁር ቀለም ግን ካርቦን ያለበት ነው፤ ወረቀቱ ቀድሞት ያልቃል እንጂ ቀለሙ አይጠፋም፤ እሱ ወረፋ ይጠብቅ።

ስለ ሙቀቱ። የወረቀት መበላሸት አሲድ ያፋጠነው የሴሉሎስ መቆራረጥ ነው፤ አክቲቬሽን ኢነርጂውን (ምላሹ ለመጀመር የሚያስፈልገውን ጉልበት) 100 ኪሎጁል በሞል ብለን ሙቀትን ከምላሽ ፍጥነት ጋር በሚያገናኘው የአሬኒየስ ቀመር ብናሰላ ከ20 ወደ 30 ዲግሪ መውጣት ፍጥነቱን አራት እጥፍ ገደማ ያደርገዋል፤ በየ5 ዲግሪው ሁለት እጥፍ ማለት ነው። ከቆርቆሮ ሥር ወደ ምድር ቤት፣ ፀሐይ ወደማይመታው የውስጥ ግድግዳ ማዛወር ብቻውን ከማንኛውም ውድ ሣጥን ይበልጣል። ኤርኮንዲሽነር በቀን አብርቶ ማታ ማጥፋት ግን አይመከርም፤ ወረቀት ከቋሚ 26 ዲግሪ ይልቅ በየቀኑ መነፋትና መኮማተሩ ይጎዳዋል። እርጥበቱ ከ30 እስከ 50 በመቶ ይሁን፤ በክረምቱ 65 ካለፈ ሻጋታ ይጀምራል። መደርደሪያው ከወለል 15 ሳንቲሜትር፣ ከግድግዳ 5 ሳንቲሜትር ይራቅ፤ ምስጥ መንገዱን ሲሠራ እንዲታይ ነው።

አሲዱ ከየት መጣ ለሚል፦ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ወረቀት ቀለም እንዳይመጥ በሮዚን (በጥድ ሙጫ) እና በአልሙኒየም ሰልፌት ይታከም ነበር። አልሙኒየም ሰልፌት በወረቀቱ እርጥበት ውስጥ አሲድ ይሰጣል። በነገራችን ላይ ከአዳማ ጥግ አዋሽ መልካሳ የሚመረተው፣ ለውኃ ማጣሪያ የምናውቀው ያው ንጥረ ነገር ነው። ለመለየት በኅዳጉ ላይ አንድ ጠብታ የተጣራ ውኃ፣ በላዩ ቀለሙ የማይለቅ የፒኤች ወረቀት፣ አንድ ደቂቃ። ከ5 በታች ከሆነ ወረቀቱ በዝርዝሩ ላይ «አሲዳማ» ተብሎ ቅድሚያ ይሰጠው። ሙከራው ጽሑፍ በሌለበት ቦታ፣ ከእያንዳንዱ ዓይነት ወረቀት አንድ ብቻ።

---

መደርደሪያ_4፦

እግዜር ይስጥልን። ካቢኔት 4 ተዘግቷል፤ ጥግ ላይ ቢጫ ያለው አንድ ጠርሙስ በበሩ ስንጥቅ ታይቷል፤ ለኃላፊው ተነግሯል።

ሁለት ተጨማሪ ጥያቄ። አንድ፦ የግድግዳው ቴብል ላይ የሕትመት ዓመት የለም፤ 104ኛው ኤለመንት «ኩርቻቶቪየም» ተብሏል፣ ጽሑፉ ግን እንግሊዝኛ ነው። ስንት ዓመተ ምሕረት ነው ማለት ይቻላል? እየተፈረፈረ ስለሆነስ ምን ይደረግ? ሁለት፦ ክፍሉ ውስጥ ኬሚስት ሞልቷል፤ አሲዱን ራሳችን ገለልተኛ ብናደርገውስ?

---

ቻርት_አንባቢ፦

ቴብልን በቀን መመደብ ደስ የሚል ሥራ ነው፤ የሌለው ኤለመንት ካለው እኩል ይናገራል።

በ2014 እ.ኤ.አ. በስኮትላንድ ሴንት አንድሩስ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መጋዘን ሲጸዳ አንድ የተጠቀለለ ቴብል ተገኘ፤ ሲነካ ይፈረፈር ነበር። ጋሊየምና ስካንዲየም አሉበት፤ የተገኙት በ1875 እና በ1879 እ.ኤ.አ. ነው። በ1886 የተገኘው ጀርማኒየም ግን የለም። ስለዚህ በእነዚህ መካከል ነው ተባለ፤ በኋላ በ1885 ቪየና የታተመ መሆኑ ተረጋገጠ። በሕይወት ካሉ የመማሪያ ክፍል ቴብሎች ሁሉ የቆየው ሳይሆን አይቀርም የሚባለው እሱ ነው። እና ያገኙት ልክ እንደ እናንተ መጋዘን ሲለቀቅ ነው።

የእናንተ ላይ፦ ኩርቻቶቪየም የሶቭየት ወገን ለ104ኛው የሰጠው ስም ነው፤ ዱብና ያሉት ሳይንቲስቶች አገኘነው ያሉት በ1964 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዓለም አቀፉ የኬሚስትሪ ኅብረት ራዘርፎርዲየም ብሎ የዘጋው ደግሞ በ1997። ስለዚህ ከ1964 በኋላ፣ ከ1997 በፊት። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ሆኖ ስሙ የምሥራቁ መሆኑ በሶቭየት ወይም በጓደኞቿ አገር ለውጭ ገበያ የታተመ ያስመስለዋል፤ በታችኛው ጠርዝ ደቃቅ የማተሚያ ቤት ጽሑፍ በማጉያ ፈልጉ። ለማጥበብ 105ኛውን እዩት፤ ኒልስቦሪየም ካለ ከ1970 ወዲህ ነው። ምድቦቹ ከ1 እስከ 18 ተቆጥረው ከሆነ ወደ 1980ዎቹ መጨረሻ ይጠጋል፤ በሮማን ቁጥርና «ኤ፣ ቢ» ከሆነ ቀድሞ ሊሆን ይችላል፣ ግን ይኼ ብቻውን ማስረጃ አይደለም፤ የድሮውን ቁጥር ያልተዉ አሳታሚዎች ብዙ ነበሩ።

ሌላ ቴብል ካገኛችሁ ደግሞ የአርጎንን ምልክት እዩ፤ አንድ ፊደል ብቻ ከሆነ ከ1957 በፊት በነበረው ልማድ ነው። የአቶም ክብደቶችም ይመሰክራሉ፦ እስከ 1961 እ.ኤ.አ. መለኪያው ኦክስጅን 16.0000 ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ካርቦን-12 ሆነ። ኦክስጅን ላይ በትክክል 16.0000 ከተጻፈ የድሮው ነው፣ 15.9994 ከሆነ አዲሱ።

እንክብካቤው። በሴንት አንድሩስ የተደረገው ይህ ነው፦ የላላውን አቧራ በብሩሽ ማንሣት፣ የጀርባውን ሸራ መለየት፣ ፒኤቹ በካልሲየም ሃይድሮክሳይድ በተስተካከለ የተጣራ ውኃ ማጠብ፣ በማግኒዥየም ሃይድሮጅን ካርቦኔት አሲዱን ማብረድ፣ ከዚያ ስንጥቁን በጃፓን ቀጭን ወረቀትና በስንዴ ስታርች ማጣበቂያ መጠገን። ይህን ያደረጉት የወረቀት ጥገና ባለሙያዎች ናቸው፤ ከእነዚህ አምስት ሥራዎች እናንተ ልትሠሩት የሚገባው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

ምክንያቱም ለሁለተኛው ጥያቄ መልስ ይሆናል። ኬሚስት ስለሆንን ገለልተኛ ማድረግ ቀላል ይመስለናል፤ ምላሹ ቀላል ነው፣ ወረቀቱ ነው ከባዱ። ደብተር ውስጥ በአንድ ገጽ ላይ እስክሪብቶ፣ ማህተም፣ ቀይ ቀለምና ባለቀለም እርሳስ አለ፤ አንዱ ውኃ ሲነካው ይፈሳል። አንዳንድ ቀለም ራሱ ኢንዲኬተር ስለሆነ ፒኤቹ (የአሲድነቱ መጠን) ሲቀየር ቀለሙን ይቀይራል። የደረቀ ወረቀት ሲርስ በራሱ ክብደት ይቀደዳል። ለአሁኑ ቴብሉን ዲያሜትሩ ከ10 ሳንቲሜትር በማያንስ የካርቶን ቱቦ ላይ፣ ቱቦውን መጀመሪያ በታጠበ አቡጀዲ ሸፍናችሁ፣ ጽሑፉ ወደ ውጭ ሆኖ ጠቅልሉት፣ በሌላ አቡጀዲ ሸፍኑት፣ በጥጥ ጥብጣብ ላላ አድርጋችሁ እሰሩት። ጽሑፉ ወደ ውጭ የሚሆነው የጀርባው ጨርቅ እንዳይሸበሸብና ሽብሻቡ ቀለሙን እንዳይሰነጥቀው ነው። አቡጀዲው በማለስለሻ አይታጠብ። በግድ መዘርጋት ግን የለም፤ አልዘረጋም ካለ እንደተጠቀለለ ይቆይ።

የተቀደደ የደብተር ገጽም አይለጠፍ፤ በንጹሕ ወረቀት አጥፎ ማኖር ይበቃል። ፕላስተር ሙጫው ቢጫ ይሆናል፣ ወረቀቱ ውስጥ ይገባል፣ ፕላስቲኩ ተልጦ ሲወድቅ ቡናማው መስመር ለዘላለም ይቀራል።

---

ወንጂ_ላብ፦

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። አዳማ ዙሪያ የኬሚስትሪ ታሪክ ትምህርት ቤት ውስጥ ብቻ አይደለም። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ የጀመረው በ1954 እ.ኤ.አ. ነው፤ ስኳር ፋብሪካ ማለት ቀንና ሌሊት የማይቆም የትንተና ላብራቶሪ ማለት ነው። በመጋዘናችሁ ውስጥ «ብሪክስ፣ ፖል፣ ፒዩሪቲ» የሚሉ ዓምዶች ያሉበት ትልቅ ቅጽ ካገኛችሁ የተማሪዎች ልምምድ ወይም ከፋብሪካ የመጣ የጭማቂ ትንተና ነው። ብሪክስ በጭማቂው ውስጥ የሟሟው ሁሉ በመቶኛ፣ ፖል በፖላሪሜትር (ስኳሩ ብርሃንን ምን ያህል እንደሚያዞር በሚለካ መሣሪያ) የተነበበው ስኳር፣ ፒዩሪቲ የሁለተኛው ለመጀመሪያው ንጽጽር በመቶ። ሦስቱ ዓምዶች አብረው ካልተገለበጡ አንዱ ብቻውን ዋጋ የለውም፤ ስካን ሲደረግ የቅጹ ራስ እንዳይቆረጥ።

ጥንቃቄ ደግሞ፦ በፖላሪሜትር ለማንበብ ጭማቂው መጥራት ነበረበት፣ ለማጥራት በዓለም ዙሪያ ይሠራበት የነበረው መርዛማው የሊድ ሰብአሲቴት ዱቄት ነው። በእነዚህ ቅጾች እጥፋት ውስጥ ነጭ ዱቄት ካለ አይነፋ፣ በደረቅ መጥረጊያም አይጠረግ። በረጠበ ጨርቅ ጠረጴዛው ይጽዳ፣ ጨርቁ ለብቻው ይወገድ፣ እጅ ከምግብ በፊት በሳሙና ይታጠብ።

---

ስካን_ክፍል፦

አሁን ስካነሩ ከካርቶኑ ሊወጣ ይችላል።

ስሌቱን እንሥራ። ኤ4 ገጽ በ300 ዲፒአይ በቀለም ሳይታመቅ 26 ሜጋባይት ነው፤ በ400 ዲፒአይ 46። 60 ደብተር በ200 ገጽ 12,000 ገጽ ይሆናል፦ በ300 ወደ 313 ጊጋባይት፣ በ400 ወደ 557። ስለዚህ 2 ቴራባይቱ በቂ ነው፣ አንድ መሆኑ ግን በቂ አይደለም። ሦስት ቅጂ፣ ቢያንስ በሁለት ዓይነት ማከማቻ፣ አንዱ ከሕንፃው ውጭ። ዋናው ቅጂ በቲፍ ይቀመጥ፣ ለአንባቢ ፒዲኤፍ ይውጣ። ለእያንዳንዱ ፋይል የኤስኤችኤ-256 መለያ (ፋይሉ ከተለወጠ አብሮ የሚለወጥ የፊደልና የቁጥር አሻራ) ይሰላና በዝርዝሩ ውስጥ ይግባ፤ በየስድስት ወሩ እንደገና ተሰልቶ ይነጻጸር። ዲስክ ሳይናገር ነው የሚበላሸው።

በጥቁርና ነጭ ለማሳነስ አትሞክሩ። በላብ ደብተር ላይ ቀይ እርማት ከሰማያዊ ጽሑፍ ካልተለየ ማን መቼ ምን እንዳረመ ይጠፋል። ባዶ ገጽም ስካን ይደረግ፤ «ባዶ ነው» እና «ተዘሏል» የሚለዩት በዚህ ነው።

ጀርባው የለቀቀ ደብተር በስካነር መስተዋት ላይ አይጫን፤ በስልክ ይነሣ። 12 ሜጋፒክስል ካሜራ ገጹን ሙሉ ሲሞላ ለኤ4 ወደ 340 ዲፒአይ ይሰጣል፣ ጠርዝ ሲቀነስ 300 ገደማ፤ ይበቃል። ስልኩ በማቆሚያ ላይ ከገጹ ጋር ትይዩ፣ ሁለት መብራት ከግራና ከቀኝ በ45 ዲግሪ፣ ፍላሽ የለም፣ በገጹ ጎን ማስመሪያ ይታይ። የስልኩን «ዶክመንት» ማስተካከያ አጥፉት፤ የእርሳስ ጽሑፍን እንደ ቆሻሻ ቆጥሮ ያነጣዋል።

የቻርት ሪከርደር ጥቅል አይቆረጥም። በክፍል በክፍል፣ እያንዳንዱ ካለፈው ሩቡን እየደገመ ይነሣ። ከሁሉ በላይ በጥቅሉ ጫፍ ወይም በደብተሩ ላይ የወረቀቱ ፍጥነትና የስኬሉ መጠን ተፈልጎ ይመዝገብ። ፍጥነቱ ካልታወቀ ያ ሁሉ ጫፍ ተራራ የተሳለበት ወረቀት ብቻ ነው፤ ጫፉ በስንት ደቂቃ እንደወጣ አይታወቅም። የኢንፍራሬድ ወረቀት ከሆነ ደግሞ አግድሙ በማይክሮን (በሞገድ ርዝመት) ይሁን በዌቭነምበር (በአንድ ሳንቲሜትር ባሉ ሞገዶች ብዛት) ይታይ፤ የድሮዎቹ በማይክሮን ናቸው።

በገጽ 41 የተለጠፉት የቲኤልሲ ሳህኖች ሁለት ጊዜ ይነሡ፦ በተራ ብርሃን፣ ከዚያ ሳህኑ አብሪ ኢንዲኬተር ያለው ከሆነ በ254 ናኖሜትር አልትራቫዮሌት መብራት ሥር። የዓይን መከላከያ ይደረግ፣ መብራቱ ለፎቶው ያህል ብቻ ይብራ። ሲሊካው ስለሚፈረፈር ገጹ በአግድም ይያዝ፣ ከላዩ ንጹሕ ወረቀት ይጣል።

ፍሎፒዎቹ፦ የ3.5 ኢንቹ በዩኤስቢ ማንበቢያ ይነበባል፤ መጀመሪያ የመጻፊያ መከልከያው ይንሸራተት፣ ከዚያ ፋይል በፋይል ከመገልበጥ ይልቅ የዲስኩ ሙሉ ምስል ይወሰድ። ስፔክትረም ካለና መክፈቻ ፕሮግራሙ ከተገኘ ወደ ጄካምፕ-ዲኤክስ ይለወጥ፤ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ክፍት ፎርማት ነው። የ5.25 ኢንቹን በቤት ውስጥ መታገል ትርፍ የለውም፤ ማንበቢያው እስኪገኝ ቀዝቃዛ ቦታ ይቆይ።

በኢንተርኔት ስለመልቀቅ ደግሞ፦ የመመረቂያ ጽሑፍ መብቱ የጸሐፊው ነው፤ በአዋጅ 410/1996 መሠረት ጸሐፊው በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል። ለጥበቃ መገልበጥና ለሁሉም መልቀቅ አንድ አይደሉም።

---

መደርደሪያ_4፦

ቁጥር አሰጣጡ ተጀምሯል፣ ተርማሎቹም እየተነሡ ነው። 2.1.07 ላይ ግን ችግር አለ። ገጽ 33 ላይ «12/3/78፣ ሐሙስ፣ ከ3:00 እስከ 5:30 ሪፍለክስ» (ትነቱ ቀዝቅዞ እየተመለሰ ፈሳሹን ማፍላት) ይላል። ገጽ 88 ላይ «3/13/78»። ጽሑፉ የቀረው ሁሉ እንግሊዝኛ ነው። ፈረንጅ ነው ወይስ የኛ?

---

ቤተ_መዛግብት፦

ገጽ 88 ይፈርዳል፣ ግን እንዳያታልላችሁ። ቀን/ወር ከሆነ 13ኛ ወር ያለው በኛ ብቻ ነው፦ ጳጉሜን 3። ወር/ቀን ብሎ የሚጽፍ አሜሪካ የተማረ ሰው ከሆነ ግን ማርች 13 ሊሆን ይችላል። እንደዚያ ከሆነ ገጽ 33 ዲሴምበር 3፣ 1978 ይሆናል፤ ከገጽ 88 በኋላ መሆኑ ነው፣ ደብተሩ ደግሞ ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ አይጻፍም።

ዕለቱም ያግዛል። ማርች 12፣ 1978 እሑድ ነበር፤ ዲሴምበር 3፣ 1978ም እሑድ። ኅዳር 12 ቀን 1978 ግን ኖቬምበር 21፣ 1985 እ.ኤ.አ. ነው፣ ሐሙስ። ስለዚህ የኛ ነው።

በዝርዝሩ ላይ፦ «ቀን እንደተጻፈው» ውስጥ 12/3/78፣ «ሲተረጎም» ውስጥ 1985-11-21፣ በማስታወሻው «በገጽ 88 እና በዕለቱ የተረጋገጠ»። ሰዓቱን አትለውጡት። ሐበሻም ይሁን ፈረንጅ ሪፍለክሱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው።